እማዬ የገዛችው የመዳብ ፒራሚድ (8,500 ብር)፦ ከሰኔ እስከ ኅዳር ያየነው

በቴሌግራም የሚሸጠውን "የኢነርጂ ፒራሚድ" ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ወይ ለእናት ለአባታችሁ ስጦታ ልታደርጉት ያሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ መጀመሪያ ይቺን አንብቡ። ረጅም ነው አውቃለሁ፣ ግን እኛ ቤት አምስት ወር ተቀምጦ ያየነውን በሁለት መስመር ብፅፈው "በትክክል ስላልተጠቀምክበት ነው" ነው የምባለው፣ ተብያለሁም፣ ስለዚህ ሁሉንም እንደነበረ ላስቀምጠው። ኮከብ ስጥ ከተባልኩ ከ5 የምሰጠው 1 ነው፣ አንዷም እቃው ሳይሰበር በሰዓቱ ስለደረሰ ነው።

እማዬ 63 ዓመቷ ነው፣ ስኳር ከያዛት 11 ዓመት ሆናት፣ ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ ትወጋለች፣ 70/30 የሚባለውን። ስኳር ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ የምለው ይገባችኋል፣ መብራት በሄደ ቁጥር እሷ ቀድማ የምትሮጠው ወደ ፍሪጁ ነው። አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ይጠፋል፣ ያኔ ብልቃጦቿን በፌስታል ጠቅልላ ጄኔሬተር ያለው ጎረቤት ጋ ትወስዳለች፣ ሲመጣ ሄዳ ታመጣለች፣ ሌሊት የጠፋ እንደሆነ ደሞ እንቅልፍ የሚባል የለም፣ ሰው ቀስቅሳ እንዳታስቸግር ፍሪጁን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ቁጭ ትላለች። እና ሰኔ ላይ ስልኳ ላይ አንድ ቪዲዮ መጣላት። ጥርት ባለ አማርኛ የሚያወራ ሰውዬ፦ ፒራሚድ ውስጥ የገባ ነገር አይበሰብስም፣ ፈርኦኖቹ 4,000 ዓመት የቆዩት በቅርፁ ነው፣ ስጋ ቢቀመጥበት አይሸትም፣ ምላጭ ቢያድርበት ይሳላል፣ ውሃ አሳድረው ጠዋት በባዶ ሆድ ቢጠጡት ስኳርና ግፊት ያወርዳል፣ መድሃኒት ያለ ፍሪጅ ይቆያል።

ይሄ የመጨረሻው ነው እናቴን የያዛት። 8,500 ብሩን ዕቁብ ደርሷት ከነበረው ላይ ቀንሳ ከፈለች። የዋህ ናት እንዳትሉ፣ እሷ 30 ዓመት ሱቅ ነግዳ እኛን ያስተማረች ሴት ናት፣ ሚዛን የሚያጭበረብራትን ነጋዴ ገና ከሩቁ ነው የምታውቀው። ግን የዘመናት ጭንቀቷን አንድ ሰው በስሙ ጠርቶ መፍትሄው ይኸው ሲላት አመነች። እኔም እቤት ነበርኩ፣ ሰማሁ፣ ውሸት እንደሆነ ጠርጥሬ ነበር፣ ግን "ምን ይጎዳታል፣ ደስ ይበላት" ብዬ ዝም አልኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ስለ እቃው ላውራ መጀመሪያ። በሞተር በማግስቱ መጣ፣ ካርቶኑ ውስጥ 8 ቀጫጭን ዘንጎች፣ 5 የፕላስቲክ ማያያዣዎችና መሀሉ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የእንጨት መደብ አለ። ወንድሜ 11ኛ ክፍል ነው፣ እሱ በአምስት ደቂቃ ገጣጠመው። ሲያዩት ያምራል፣ እሱን አልክድም፣ ቀዩ የመዳብ ከለር መስኮት ስር ሲቀመጥ ያበራል። ችግሩ መዳብ አለመሆኑ ነው። ወንድሜ ከአሮጌ ስፒከር ያወጣት ማግኔት አለችው፣ ጠጋ ሲያደርጋት ዘንጉ ላይ ልጥፍ አለች። መዳብ ደግሞ ማግኔት አይዘውም፣ የያዘው ውስጡ ብረት ስለሆነ ነው፣ ላዩ ብቻ ነው የተቀባው። ነሐሴ ላይ ታችኛው ዘንግ ከጫፉ መዛግ ጀመረ። ሻጮቹ "ንፁህ መዳብ ካልሆነ ኢነርጂ አይሰበስብም" ብለው የሚሸጡት እቃ ነው እንግዲህ፣ ለመግዛት የቆረጣችሁ ካላችሁ ቢያንስ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ።

ልኩም ልክ አይደለም። ማስታወቂያው በጊዛው ትልቁ ፒራሚድ ልክ፣ በ51 ዲግሪ የተሰራ ነው ይላል፣ ማዕዘኑ ትንሽ ከተዛነፈ አይሰራም ብለው ያስጠነቅቃሉ እንኳን። ወንድሜ ለካው፣ ስምንቱም ዘንግ እኩል 30 ሴንቲሜትር ነው። የጊዛው የታችኛው ጎኑ 230 ሜትር ገደማ ነው፣ ቁመቱ ሲሰራ ወደ 147 ሜትር ነበር፣ ስለዚህ ታቹ 30 ሴንቲሜትር ከሆነ ቁመቱ 19 ሴንቲሜትር መሆን አለበት፣ የሚወጡት ዘንጎች ደግሞ 28 ተኩል ገደማ። ይሄንን በፓይታጎረስ ደብተሩ ላይ ሰርቶ አሳየኝ። የኛው ቁመት 21 ነው፣ ግድግዳው የሚያዘነብለው ወደ 55 ዲግሪ፣ የጊዛው 52 ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ማለትም ስምንት እኩል ዘንግ ቆርጦ መሸጥ ስለሚቀል ነው እንጂ ከጊዛ ጋር ምንም አያገናኘውም። ኋላ ሳነብ ደሞ ያየሁት፣ ግብፆቹ ራሳቸው አንድ የተቀደሰ ማዕዘን አልነበራቸውም፣ ዳህሹር ያለው ቀዩ ፒራሚድ 43 ዲግሪ ገደማ ነው፣ እዛው አጠገቡ ያለው ጎባጣው ደሞ ወደ 54 ተጀምሮ መሀል ላይ ቀንሰውት ነው ቅርፁ የተሰበረው፣ ጎረቤታችን ሱዳን ሜሮኤ ያሉት ደግሞ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ 70 ዲግሪ የሚደርስ አለ። ሰሪዎቹ ያላወቁትን ማዕዘን የቴሌግራም ሻጭ ከየት አገኘው?

እሺ አጠቃቀሙ። እማዬ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሶስት ብልቃጥ ኢንሱሊን ገዝታ ነበር፣ ሶስቱንም ከፍሪጅ አውጥታ እንጨቱ መደብ ላይ ደረደረቻቸው፣ ፒራሚዱ መስኮት ስር ያለው ኮመዲኖ ላይ ነው። አንድ ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ይይዛል፣ እሷ በቀን 32 ነው የምትወጋው፣ ስለዚህ አንዱ ወር ያህል ይሄዳል። ሐምሌ በሰላም አለፈ፣ ስኳሯ ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው ከ120 እስከ 150 ነው፣ መብራት ቢሄድም ተኛች። ነሐሴም አለፈ። ቡና ላይ ለጎረቤት ሁሉ አወራች፣ ሁለት ሰው አዘዘ፣ አንዷ የታች ቤቷ ጎረቤታችን ናቸው፣ እሳቸውም ኢንሱሊን ይወጋሉ። እኔም እውነት እላችኋለሁ ልቤ ማመን ጀምሮ ነበር።

አሁን ሳውቅ ግን ያ ሁለት ወር ምንም የሚገርም ነገር አልነበረውም። የተከፈተ የኢንሱሊን ብልቃጥ በአብዛኛው 28 ቀን አካባቢ ያለ ፍሪጅ መቆየት ይችላል፣ ቤቱ ከ25 ወይ ከ30 ዲግሪ ካላለፈ (እንደየ ኢንሱሊኑ ይለያያል፣ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብቡ)። የአዲስ አበባ ክረምት ደሞ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ ለብሰን ነው ቤት ውስጥ የምንቀመጠው። ቁምሳጥን ውስጥ፣ ጫማ ካርቶን ውስጥ፣ የትም ብታስቀምጠው ያንን ወር ይቆይ ነበር። ቅዝቃዜው የሰራውን ነው ፒራሚዱ ስሙን የወሰደው። ፍሪጅ ግዴታ የሚሆነው ገና ያልተከፈተውን ለወራት ለማቆየት ነው፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ እኛ ደሞ ሶስተኛውን ብልቃጥ ሳይከፈት ከሁለት ወር በላይ መስኮት ስር አስቀመጥነው።

ይሄን ሳላውቅ በፊት ፍልሰታ ላይ እኔና ወንድሜ አንድ ነገር ሞከርን። ማስታወቂያው ምግብ አይሻግትም ስለሚል ወንድሜ ከሽቦ ልክ በፒራሚዱ ቁመት የሳጥን ቅርፅ ሰራ፣ አንድ እንጀራ ቆራርጠን ሶስት ሳህን ላይ አደረግን፣ አንዱ ፒራሚዱ ስር፣ አንዱ ሳጥኑ ስር፣ አንዱ እንዲሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ሁሉም ላይ አንድ አይነት ስስ ነጠላ ጣል አደረግን። በአራተኛው ቀን ሶስቱም ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ወጣ፣ አንዱ ከአንዱ ምንም ልዩነት የለውም። ለእማዬ ሳሳያት "ወደ ሰሜን አላዞራችሁትም" አለች። እውነትም መመሪያው ወደ ሰሜን ይዞር ይላል። በስልክ ኮምፓስ ልናዞረው ስንሞክር ስልኩ ዘንጉ አጠገብ ሲደርስ መርፌዋ ትዞራለች፣ ብረት ነዋ። ራቅ ብለን ሰሜንን መሬት ላይ በኖራ ምልክት አድርገን አዞርነው። እንጀራውን ደገምነው፣ በአራተኛው ቀን ሻገተ።

ምላጭም ሞክረናል። እኔ የምላጨው በሁለት ፊት ምላጭ ነው፣ ሁለት አዲስ ምላጭ ከአንድ ፓኬት አውጥቼ እህቴ ጀርባው ላይ በማርከር 1 እና 2 ፃፈችበት፣ አንዱን ሁሌ ፒራሚዱ ስር አንዱን መሳቢያ ውስጥ ታሳድራለች፣ የቱ የት እንዳደረ አትነግረኝም። ለሶስት ሳምንት እየቀያየርኩ ተላጨሁ። መጨረሻ ላይ የተሻለው 2 ቁጥር ነው አልኳት፣ እሱ መሳቢያ ውስጥ ያደረው ነበር። ውሃውን ደሞ ቡና ላይ አደረግነው፣ 10 ሲኒ፣ አምስቱ ያደረ የፒራሚድ ውሃ አምስቱ የጆግ ውሃ፣ እማዬና ሁለት ጎረቤቶች ሳያውቁ ቀመሱ፣ ከመቅመሳቸው በፊት ሁሉም "የፒራሚዱ ይጣፍጣል፣ ይለሰልሳል" ብለው ነበር፣ እማዬ 5 አገኘች፣ አንዷ 4፣ አንዷ 6። ዝም ብሎ ቢገመትም የሚመጣው ያው ነው።

ከዛ መስከረም መጣ። ሶስተኛው ብልቃጥ ጷጉሜ ላይ ነው የተከፈተው። ሰማዩ ተከፈተ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐዩ በመስኮቱ ቀጥታ ኮመዲኖው ላይ ነው የሚያርፈው፣ ማናችንም ልብ አላልንም። የስኳሯ ቁጥር ከፍ ማለት ጀመረ፣ መጀመሪያ 190፣ እንቁጣጣሽ ነው ድፎ ዳቦ በልታ ይሆናል አልን። ከዛ 240። 290። አንድ ቀን ጠዋት 326 አየሁ። ውሃ ጥም፣ ሌሊት አምስት ጊዜ ሽንት ቤት፣ አይኗ ብዥ ይልባታል፣ እሷ ግን ምግብ እየቀነሰች የፒራሚዱን ውሃ ትጨምራለች። ሽንት ቤት በር ላይ ግድግዳ ይዛ ቆማ ሳገኛት ነው ጭንቅላቴ ላይ የዞረብኝ፣ ያኑ ሌሊት ልብስ አለበስኳትና ሲነጋ ጤና ጣቢያ ሄድን።

ነርሷ ገና ቁጥሩን እንዳየች የጠየቀችው "እማማ ኢንሱሊኑን የት ነው የሚያስቀምጡት?" ብላ ነው። እማዬ ብልቃጡን ከቦርሳዋ አወጣች። ነርሷ በመዳፏ አንከባልላ ወደ ብርሃን አነሳችው፣ ይሄ አይነቱ ሲንከባለል እንደ ወተት እኩል መሆን አለበት፣ የእማዬ ግን ትንንሽ ፍርፋሪ አለው፣ ብርጭቆው ላይም እንደ ውርጭ የተጣበቀ ነጭ ነገር። "ይሄ ተበላሽቷል" አለች። ደግሞም ሙቀት የመታው ኢንሱሊን መልኩ ሳይቀየርም አቅሙ ሊያልቅ ይችላል፣ አይታችሁ ብቻ አትመኑ አለችን። አዲስ ብልቃጥ ተገዛ፣ በአራተኛው ቀን ስኳሯ 150 ገባ። ያው ምግብ፣ ያው መጠን፣ የተቀየረው ብልቃጡ ብቻ ነው።

ትገረማላችሁ፣ እማዬ ከዚህም በኋላ ፒራሚዱን አልጣለችውም። ኢንሱሊኑን ወደ ፍሪጅ መለሰችው፣ ግን "ለሌላው ነገር ይሰራል፣ ፈርኦኖቹስ?" ትላለች። እኔም ልከራከራት ስል የማውቀው ነገር እንደሌለ ገባኝና ማንበብ ጀመርኩ። (ዓመቶቹ ከዚህ በታች በፈረንጅ ናቸው።)

የፒራሚድ ኃይል የሚባለው ነገር የግብፆች እምነት አይደለም፣ የቅርብ ጊዜ ነው። በ1930ዎቹ ኒስ ከተማ አንትዋን ቦቪስ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር፣ በፔንዱለም የማይታይ ኃይል እለካለሁ የሚል። ጊዛ ፒራሚድ ውስጥ ሞተው ሳይበሰብሱ የደረቁ ድመቶች አይቶ ነው የጀመረው እየተባለ ይተረካል፣ ግን ሰውዬው ግብፅ ሄጄ አየሁ ብሎ የፃፈ አይደለም፣ ቤቱ ሆኖ በትንሽ ሞዴልና በፔንዱለም ነው የደረሰበት። ከዛ ፕራግ ውስጥ ካሬል ድርባል የሚባል የሬዲዮ ኢንጂነር ምላጭ ከካርቶን ፒራሚድ ስር ማሳደር ጀመረ፣ በ1949 ፓተንት አመለከተ፣ በ1959 ተሰጠው፣ ቁጥሩ 91304። ሻጮቹ ይሄን ፓተንት እንደ ማስረጃ ይጠቅሱታል። የዛን ጊዜ ምላጭ ግን እንደ አሁኑ የማይዝግ ብረት አልነበረም፣ ጠርዙን የሚበላው አንዱ ከተላጩ በኋላ የሚቀረው እርጥበት ነው፣ ደረቅ ቦታ ያደረ ምላጭ የትም ቢያድር ረዘም ይላል። በ1970ዎቹ አሜሪካ ገባና ፋሽን ሆነ፣ ፓትሪክ ፍላናጋን የሚባል ሰው ፃፈበት ሸጠበት። በ1976 ቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ የሚባለው የካናዳ የሆኪ ቡድን አሰልጣኝ ሬድ ኬሊ ተጫዋቾቹ የሚቀመጡበት ወንበር ስር ፒራሚድ ደረደረ፣ ቤታቸው ውስጥ ለልጁ ራስ ምታት ረድቷል ብሎ አምኖ ነው፣ ስድስተኛውን ጨዋታ አሸነፉ፣ አገር ጉድ አለ፣ ሰባተኛውን ተሸንፈው ከውድድሩ ወጡ። ሩሲያ ውስጥ ደሞ አሌክሳንደር ጎሎድ የሚባለው ሞስኮ አቅራቢያ 44 ሜትር የሚሆን ፒራሚድ ገንብቶ ሰው ለመፈወስ ይጎርፍ ነበር፣ በ2017 አውሎ ነፋስ መጥቶ አፈረሰው።

የፈርኦኖቹ ነገር ነው በጣም የሚያስቆጨው ምክንያቱም እውነቱ ከውሸቱ የበለጠ የሚገርም ነው። ሬሳው እንዳይበሰብስ ያደረገው ናትሮን የሚባል ጨው ነው፣ ከደረቀ ሐይቅ የሚወጣ። ሆድ ዕቃውን ያወጣሉ፣ ሰውነቱን በጨው ይሸፍኑታል፣ እርጥበቱ ተመጥጦ እስኪያልቅ፣ ከዛ በዘይትና በሙጫ አሽተው ይገንዙታል፣ ስርዓቱ ሁሉ 70 ቀን ይወስድ ነበር። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የምናውቃቸው ፈርኦኖች ፒራሚድ ውስጥ አልተቀበሩም። በ1922 የተገኘው ቱታንካሙን ከአለት የተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ ነበር፣ ትልቁ ራምሴስም እንደዛው የነገሥታት ሸለቆ በሚባለው ቦታ ነው የተቀበረው። የጊዛው የኩፉ ትልቁ ፒራሚድ ደሞ የድንጋይ ሳጥኑ ባዶ ነው፣ አስከሬኑ እስከዛሬ አልተገኘም። ፒራሚድ ሳይኖር ገና ድሮ በረሃ አሸዋ ውስጥ እንዲሁ የተቀበሩ ሰዎች ፀጉራቸው ሳይቀር ደርቀው ተገኝተዋል።

ይሄን ሁሉ ለእማዬ ነገርኳት፣ ሰማችኝ፣ ግን ከጆሮዋ አላለፈም። ያለፈው በስጋው ነው። በመጀመሪያ ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ ግማሽ ኪሎ ስጋ በስሱ ዘልዝለን ያለ ጨው በሶስቱ ሳህኖች አድርገን ነበር፣ በሶስተኛው ቀን ሶስቱም ሸተተ፣ ፒራሚዱ ስር ያለውን እኔ ነኝ አፍንጫዬን ይዤ የጣልኩት። ያኔ "ክረምት ስለሆነ ነው" ተባለ። እሺ ብለን ጥቅምት ላይ ደገምነው፣ በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ፣ ስጋም ቤት ውስጥ ነበር። ያው አቆራረጥ፣ ያው ሶስት ሳህን፣ ያው ነጠላ፣ መስኮቱ ተከፍቶ። በአምስተኛው ቀን እማዬ ራሷ መጥታ ነጠላውን ገለጠች። ፒራሚዱ ስር ያለው ደርቋል፣ አልሸተተም። ፊቷ በራ። ከዛ ሳጥኑ ስር ያለውን ገለጠች፣ እሱም ደርቋል። ጠረጴዛው ላይ ያለውንም። አንዱን ዘለላ አንስታ ሰበር አደረገችው፣ አሸተተችው፣ ትንሽ ዝም አለችና "ይሄማ ቋንጣ ነው" አለች።

40 ዓመት ሙሉ ቋንጣ የሰቀለች ሴት ናት። ስስ አድርጎ መዘልዘል፣ ጨውና በርበሬ ማሸት፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ገመድ ላይ መስቀል፣ ክረምት ላይ አለመሞከር፣ ይሄን ከእናቷ ነው የተማረችው፣ ግብፆቹ ያደረጉት ከዚህ በምን ይለያል? እርጥበት ከወጣ ባክቴሪያና ሻጋታ መኖሪያ የላቸውም፣ እርጥበት ካለ ደግሞ በወርቅ ፒራሚድም ብትሸፍነው ይበሰብሳል። ነሐሴና ጥቅምት ቅርፁ ያው ነበር፣ የተለየው አየሩ ነው። እማዬ ስታለቅስ ብዙ አይቻት አላውቅም፣ ያን ቀን ግን "ቤቴ ውስጥ ያለውን እውቀት ነው በ8,500 ብር መልሰው የሸጡልኝ" ብላ አለቀሰች። ይሄን ሪቪው እንድፅፍ ያደረገኝ ያ ነው።

ሻጯን አናግሬአታለሁ። በትህትና ነው የፃፍኩላት፣ የነርሷን ወረቀት ፎቶ፣ የስኳሩን ቁጥር፣ ማግኔቱ የተለጠፈበትን ቪዲዮ ላክሁላት፣ ብር እንኳን ባይመለስ ቢያንስ "መድሃኒት ያለ ፍሪጅ ይቆያል" የሚለውን ከማስታወቂያው አውጪው አልኳት። መጀመሪያ ወደ ሰሜን አዙሩት አለች፣ አዙረናል ስላት ቤት ውስጥ የዋይፋይ ጨረር ይረብሸዋል አለች፣ ዋይፋይ የለንም ስላት እናትህ ሙሉ በሙሉ ስላላመኑበት ነው አለች። ከዛ ትልቁን፣ ሰው ስሩ የሚቀመጥበትን፣ በቅናሽ ላቅርብላቸው አለችኝ። እናቴ ያላመነች? ኢንሱሊኗን አምና የሰጠች ሴት ናት። ሳይሰራ ሲቀር ጥፋቱ የበሽተኛው የሚሆንበት እቃ ከዚህ በፊት ገዝቼ አላውቅም፣ ፍሪጅ ሲበላሽ "አላመንክበትም" የሚል ጠጋኝ አይቼ አላውቅም። ማስታወቂያው ይሄን እስከምፅፍ ድረስ አለ፣ እኔን ግን ብሎክ አድርጋኛለች።

በዛው ቻናል የሚሸጡ ሌሎችም አሉ፣ ስልክ ጀርባ የሚለጠፍ ክብ በክብ የተሳለ "የህይወት አበባ" ስቲከር፣ ብርጭቆ ስር የሚቀመጥ ባለ ስድስት ጎን ሰሌዳ፣ ሙጫ ውስጥ የብረት ብናኝና ድንጋይ የተከተተበት ትንሽ ፒራሚድ። እኔ የሞከርኩት አንዱን ነው፣ ስለሌሎቹ በእጄ ስላልያዝኳቸው ብዙ አልልም፣ ግን የሚሸጡበት ወሬ ቃል በቃል ያው ነው፣ ቅርፁ ኢነርጂ ይሰበስባል፣ በምን ይለካል ስትሉ መልስ የለም። ለቤት ማሳመሪያ ከሆነ የምትፈልጉት የራሳችሁ ጉዳይ ነው፣ ስዕሎቹ ያምራሉ።

መብራት ለሚጠፋበት ቤት ደሞ እኛ አሁን የምናደርገውን ልንገራችሁ፣ ነርሷ ናት የመከረችን። ሁለት የሸክላ ማሰሮ፣ ትልቅና ትንሽ፣ ትንሿን ትልቁ ውስጥ፣ መሀላቸው አሸዋ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ ታጠጡታላችሁ፣ አፉን በረጠበ ጨርቅ ትሸፍናላችሁ፣ ብልቃጡ በደረቅ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ውስጥ ይገባል፣ ጥላ ያለበት ነፋስ የሚያገኘው ጥግ ይቀመጣል። ውሃው በሸክላው ውስጥ እየወጣ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ነው፣ አያቶቻችን ያውቁታል። ክብ ይሁን ሞላላ ለውጥ የለውም፣ ሸክላው መርጠቡና አየሩ ደረቅ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ፣ ክረምት ላይ እርጥበት ስለሚበዛ ብዙ አያቀዘቅዝም፣ ያኔ ግን ቤቱም ቀዝቃዛ ነው። እንደ ፍሪጅ እስከ 8 ዲግሪ አያወርድም ስለዚህ ለተከፈተው ብልቃጥ እንጂ ለወራት ማከማቻ አይሆንም። በረዶ የምትጠቀሙ ካላችሁ ደሞ ብልቃጡ በረዶውን በቀጥታ እንዳይነካ፣ ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ አይድንም፣ ይጣላል። የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ፃፉ። እማዬ በአንድ ጊዜ ሶስት መግዛቱን ትታለች፣ አንድ በአንድ ነው አሁን።

ማሰሮዎቹ ሁለቱ በ600 ብር ተገዙ፣ አሸዋው ከሚሰራ ቤት ደጃፍ በነፃ።

ባለፈው ሳምንት መብራት ሁለት ቀን ሙሉ ጠፍቶ ነበር። የታች ቤቷ ጎረቤታችን፣ ያዘዙት እናት፣ ማታ ላይ መጡ፣ ነጠላቸው ስር ሁለት ብልቃጥ ይዘው፣ እሳቸውም ቤት ፒራሚዱ መስኮት ስር ነው ያለው፣ ስኳራቸው ከፍ ብሏል ግን ለልጆቻቸው አልተናገሩም። እማዬ ምንም አልጠየቀቻቸውም። የተከፈተውን በስልኳ መብራት አንከባልላ አየችው፣ "ይሄን ነገ አብረን ይዘነው ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፣ ዛሬ እዚሁ ይደሩ፣ መለኪያውም እዚሁ አለ" አለቻቸው፣ ያልተከፈተውን በፕላስቲክ ጠቀለለችላቸው፣ ከዛ ጆጉን አንስታ አሸዋው ላይ ውሃ ጨመረችበት።